በቆሎው የሚያልቀው ጎተራ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ዘንድሮስ ምን እናድርግ?

ቀርሳ_ልጅ (ጅማ) — ኅዳር 3

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር ገባ፣ በቆሎው ደርሷል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የምሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። የትኛው መድኃኒት ይሻላል? ኪኒኑ ስንት ገባ? ያ ባለሦስት ድርብ ከረጢት የት ይገኛል? መጠየቁ ጥሩ ነው። ግን ከኋላ እየጀመርን ይመስለኛል። ሐምሌ ላይ ጎተራ ከፍቶ ዱቄት የሚዝቅ ገበሬ እህሉን ያጣው ሐምሌ ላይ አይደለም። አሁን ነው ያጣው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሳይደርቅ ሲያስገባው።

ነቀዝን ብቻ እንኳ እንይ። ብዙ ሰው ነቀዝ ከጎተራው ግድግዳ የሚመጣ ይመስለዋል። እርግጥ ካምና በተረፈ ፍሬ ውስጥ ተሸሽጎ የሚጠብቅ አለ። ግን በቆሎው ገና ማሳ ላይ ቆሞ እያለም በርሮ ይመጣል። እንስቷ ፍሬውን በአፏ ትበሳለች፣ እንቁላል ትጥልበታለች፣ ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከውጭ ስታየው ምንም የለውም። ትሉ እዚያው ፍሬው ውስጥ ይፈለፈላል፣ እዚያው እየበላ ያድጋል፣ ከአንድ ወር ትንሽ ዘለግ ባለ ጊዜ ውስጥ ነቀዝ ሆኖ በስቶ ይወጣል። አንዷ በዕድሜዋ 300 እና ከዚያም በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ አስቡት። በወንፊት ነፍታችሁ፣ በሰፌድ አበጥራችሁ ንጹሕ ነው ብላችሁ ያስገባችሁት በቆሎ ውስጡ ሰው አለበት።

ሻጋታው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እርጥብ እህል ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል።

ይኼ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ከምርት በኋላ የሚያጣው እህል በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ ገምቷል። የአፍሪካ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2014 የኢኳቶሪያል ጊኒ ዋና ከተማ ማላቦ ላይ ተሰብስበው ብክነቱን እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) በግማሽ እንቀንሳለን ብለው ፈርመዋል። ዓመቱ አለፈ። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ጎምቢሳው፣ ያ የበቆሎ ጎተራችን፣ ሲከፈት አቧራው ይጨሳል።

ስለዚህ የዘንድሮውን ወሬ ከማድረቁ እንጀምረው። በቆሏችሁን መቼ ነው የምትሰበስቡት? የት ነው የምታደርቁት? መድረቁንስ በምን ታውቃላችሁ? የሞከራችሁትን ጻፉ።


ዴዶ_ደጋ — ኅዳር 3

ወንድሜ ያልከው ልክ ነው። ግን የት እናድርቀው? ጅማ እኮ ነው፣ አፋር አይደለም። እኛ ጋ ጥቅምት ሙሉ ዘንቧል። ኅዳርም አይታመንም። ሸራ ዘርግተህ ታሰጣለህ፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ሩጠህ ትሰበስባለህ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ታወጣዋለህ። እንዲህ ያለው ሥራ ልጆች ያሉት፣ ሰው የሚበዛበት ቤት ይፈልጋል።

ለዚህ ነው ሰው ማሳው ላይ የሚያቆየው። ቆሞ ይድረቅ ብሎ ነው። እዚያ ደግሞ ጦጣው አለ፣ ከርከሮው አለ፣ ሌሊት የሚመጣው ሌባም አለ። አንተ እንዳልከው ነቀዙም እዚያው ይገባል። ማን ጠልቶ ነው? መላ ስጡን እንጂ አድርቁ አድርቁ ብቻ አትበሉን።


ድህረምርት_ተማሪ — ኅዳር 3

የዴዶው ወንድማችን የነካው ዋናውን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ የድህረ ምርት ትምህርት ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በቆሎ ለማድረቅ ፀሐይ የግድ አይደለም። ነፋስ ይበቃዋል። የእኛ ጎምቢሳ ሐሳቡ ትክክል ነው። ጎኑ ነፋስ ያስገባል፣ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ክዳን አለው። ጉድለቱ ክብና ሰፊ መሆኑ ነው። ዳር ዳሩ ይደርቃል፣ መሐሉ ግን ነፋስ አይደርሰውም። ሻጋታው ሁሌም ከመሐል የሚጀምረው ለዚህ ነው። ጎምቢሳ ስታራግፉ ልብ ብላችሁ እዩ።

መላው ቅርፁን መቀየር ነው። ክብ መሆኑ ይቅርና ረጅምና ቀጭን ይሁን። እንደ እኛ ዝናብ በሚበዛበት አገር የሚመከረው ወርድ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ነው። ከዚያ አይለፍ። ርዝመቱ የፈለጋችሁትን ያህል ሊሆን ይችላል። ሰፊው ጎኑ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይዙር። ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በየእግሩ ላይ የቆርቆሮ ቆብ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ግጠሙበት፣ አይጥ እዚያ ሲደርስ መውጫ ያጣል። አጠገቡ ዛፍ ወይም አጥር ካለ ግን አይጡ ከዚያ ስለሚዘል ቆቡ ዋጋ የለውም።

እንዲህ ያለ ቤት ካላችሁ በቆሎው ማሳ ላይ እስኪደርቅ አትጠብቁም። ፍሬውን ከቆረቆንዳው ላይ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ጥቁር ነጥብ ከታየ እህሉ ማደጉን ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማሳ ላይ መቆየቱ ለጦጣና ለነቀዝ እንጂ ለእናንተ አይጠቅምም። ቅርፊቱን ልጣችሁ ዛላውን እንዳለ ክመሩት። ቀስ እያለ በነፋሱ ይደርቃል። ሲደርቅ ትፈለፍሉታላችሁ።


ዴዶ_ደጋ — ኅዳር 3

ይኼ መላ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አባቶቻችን ከነቅርፊቱ ነበር የሚከምሩት። ቅርፊቱ ነቀዝ ይከላከላል ይባላል። ልላጠው?


ድህረምርት_ተማሪ — ኅዳር 3

አባቶቻችንም ልክ ናቸው። ጫፉ ድረስ ጥብቅ ብሎ የተሸፈነ በቆሎ ነቀዝ ቶሎ አይደርስበትም። የድሮው የአገር ዘር እንዲያ ነበር፣ ፍሬውም ጠንካራ ነው። ከተሻሻሉት ዘሮች ውስጥ ምርታቸው ብዙ ሆኖ ጫፋቸው ክፍት የሚቀር አሉ። ጫፉ ክፍት ከሆነ ቅርፊቱ እርጥበት ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ ከገባ ላጠው። ደረቅና ጥብቅ ከሆነ ከነቅርፊቱ ማስቀመጥ ትችላለህ።


አዴ_ሰርቦ — ኅዳር 4

ልጆቼ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ጻፋችሁ። አንድ ነገር ግን ዘነጋችሁ። ይኼን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? መሸልቀቁ፣ መፈልፈሉ፣ ማስጣቱ፣ ማበጠሩ የሴት ሥራ ነው። ማታ እራት ከተበላ በኋላ በኩራዝ ቁጭ ብለን ነው የምንፈለፍለው። ጣት ያቆስላል። ሲሰለቸን ከረጢት ውስጥ ከተን በዱላ እንወቃዋለን። ያን ጊዜ ፍሬው ይሰበራል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስሸለቅቅ ሦስት ቦታ እለያለሁ። ጫፉ የተከፈተውንና ቀዳዳ ያየሁበትን አንድ ቦታ። ይኼ አይቀመጥም፣ ቶሎ ይበላል። የሻገተውን ሌላ ቦታ። ጥብቅና ንጹሕ የሆነውን ደግሞ ለክረምት። ዝም ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ መከመር አንድ የታመመ ሰው ከሕፃናት ጋር እንደ ማስተኛት ነው።

የዘሩን በቆሎ ከነቅርፊቱ አሥሬ ከምድጃው በላይ እሰቅለዋለሁ። ጢሱ ያደርቀዋል፣ ነቀዝም አይጠጋውም። ይኼን ከእናቴ ነው ያገኘሁት። ለጥቂት በቆሎ ከጤፍ ጋር መደባለቅም አለ። ጤፍን ነቀዝ አይነካትም፣ በጣም ደቃቅ ናት። በበቆሎው መሐል ያለውን ክፍተት ትሞላዋለች፣ ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ስትፈልጉ በወንፊት መለየት ነው። ግን ጤፍ ዛሬ ለስንት ሰው ይገኛል?


ቀርሳ_ልጅ — ኅዳር 4

አዴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያሉት መለየት በነፃ የሚገኝ መድኃኒት ነው። የዱላውን ነገር ግን እባካችሁ ሰዎች ስሙ። የተሰበረ ፍሬ ማለት በሩ የተከፈተ ቤት ነው። ሙሉ ፍሬ መብሳት የማይችለው ተባይ ሁሉ በስብርባሪው ይገባል። ሻጋታውም እንደዚያው።

የመፈልፈያ ማሽን አሁን በየቀበሌው እየዞረ በኩንታል ሒሳብ ይፈለፍላል። የሴቶቹን ድካም ያቀላል። ግን ዛላው በደንብ ሳይደርቅ ማሽን ውስጥ ከገባ እሱም ይሰብረዋል። እንደገና ወደ ማድረቁ ተመለስን።


ሰቃ_ጨቆርሳ — ኅዳር 4

ስለ ከረጢቱ ማንም አልተናገረም። እኔ አምና ያን ባለሦስት ድርብ ከረጢት ገዝቻለሁ። ከአንድ ሱቅ ነው። ነቀዝ አይገባም ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ ሌላ ምንም አላለኝም። በቆሎዬን ሞላሁት፣ አሠርኩት። ስከፍተው ነቀዝ አልነበረም፣ እውነት ነው። ግን ሽታው ቤቱን ሞላው። ሻግቷል። ለከብት እንኳ የሚሆን አልነበረም። ከረጢቱ ውድ ነው። ለድሃ ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር መሸጥ ነውር ነው።


ድህረምርት_ተማሪ — ኅዳር 4

ወንድሜ አዝናለሁ። የሸጠልህ ሰው ሊነግርህ የሚገባውን ዋናውን ነገር አልነገረህም።

ያ ከረጢት ፒክስ ይባላል። አሜሪካ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ብለው የጀመሩት ሥራ ነው። ኋላ ለበቆሎም ለሌላም እህል ዋለ። ውስጡ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ አለ፣ ውጩ እንደ ማንኛውም የማዳበሪያ ከረጢት ነው። መርዝ የለውም። ሥራው አየር መዝጋት ነው። እህሉ ውስጥ ያሉት ነቀዞች የቀረችውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሷታል። ከዚያ መብላትና መራባት ያቆማሉ፣ ቆይተውም ይሞታሉ።

አየር የማያስወጣ ነገር እርጥበትም አያስወጣም። ያስገባኸው እርጥበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እህሉ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ከ13 በመቶ ማለፍ የለበትም። በማዳበሪያ ብታስቀምጠው ኖሮ ነቀዝ ይበላው ነበር። በዚህኛው እርጥብ ብታስገባ ሻጋታ ይበላዋል።

አጠቃቀሙን ልጻፈው፣ ብዙ ሰው ስለሚያስፈልገው። መጀመሪያ የውስጡን ፕላስቲኮች እንደ ፊኛ ንፉና አፉን ይዛችሁ ጨመቅ አድርጉ። የሚተነፍስ ካለ ተበስቷል፣ አትጠቀሙበት። እህሉን ስትሞሉ እየነቀነቃችሁ አስቀምጡት፣ ክፍተት አይኑር። አንደኛውን ፕላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ ጠምዝዛችሁ አጥፋችሁ እሠሩ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ የውጩን። መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ ከግድግዳም ይራቅ። ቢያንስ ለአንድ ወር አትክፈቱት። በየሳምንቱ እየከፈቱ ጣሳ የሚቀዱበት ከሆነ አየር ይገባል፣ ልፋቱ ከንቱ ነው። ለዕለት ፍጆታ ሌላ ከረጢት ይኑራችሁ። ካልተበሳ ደግሞ ለሚቀጥለውም ዓመት ይሆናል። አይጥ ግን ይበሳዋል።

አሁን ስለ ሻገተው። እባክህ ለከብትም ለዶሮም እንዳልሰጠኸው ንገረኝ። በሻጋታው ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። አይታይም፣ አይሸትም። በመቀቀል አይጠፋም፣ በመጋገርም አይጠፋም። ጉበትን ነው የሚመታው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች ያለቁት በሻገተ የኦቾሎኒ መኖ ምክንያት ነበር፣ መርዙም የታወቀው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ማኩዌኒና ኪቱይ አካባቢ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ የቤት በቆሎ ነበር። የሻገተ መኖ የበላች ላም ወተት ውስጥም መርዙ ያልፋል። ልጆች ናቸው የሚጠጡት።


ሰቃ_ጨቆርሳ — ኅዳር 4

ለዶሮ ሰጥቼ ነበር። ከዚህ በኋላ አይሆንም። እሺ፣ ታዲያ 13 በመቶ መሆኑን እኔ በምን ላውቅ? ነክሼ ባየው እንኳ ጥርሴ ቁጥር አይናገርም።


ድህረምርት_ተማሪ — ኅዳር 5

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጨው ነው። አፉ ሰፊ የሆነ ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ያዝ። ጨው እሳት ላይ አመስ አድርገህ አድርቀው፣ ይቀዝቅዝ። የጠርሙሱን ሲሶ ያህል በቆሎ ጨምር፣ ላዩ ላይ ጥቂት ማንኪያ ጨው። ክደነውና ለአንድ ደቂቃ በደንብ ናጠው። ከዚያ አስቀምጠውና ጠብቅ፣ ሩብ ሰዓት ያህል። አሁን መስታወቱን ወደ ብርሃን አድርገህ እየው። ጨው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከቀረ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፣ ይመለስ ወደ ፀሐይ። ጨው ምንም ካልተለጠፈ ከ15 በታች ነው። ግን አስተውል፣ 15 እና 13 አንድ አይደሉም። ጨው ካልያዘ በኋላም ጥቂት ፀሐያማ ቀናት ጨምርለት።

ሁለተኛው ይበልጥ እርግጠኛ ነው። የአየር እርጥበት የምትለካ ትንሽ ዲጂታል ዕቃ አለች፣ ሃይግሮሜትር ትባላለች። ከእህሉ ጋር ፌስታል ውስጥ ታሽጋታለህ። ትንሽ ቆይተህ ታነባለህ። ከ65 በታች ካለች በቆሎው ለከረጢቱ ደርቋል። አንዷ ለመንደር ትበቃለች።


እህል_ነጋዴ (ጅማ) — ኅዳር 5

ጽሑፋችሁን ሁሉ አነበብኩ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ከገበሬው የምገዛ። የምለው ደስ የማይለው ሊኖር ይችላል፣ ግን እውነቱ ይነገር።

ገበሬው የማያደርቀው ዝናብ ስላለ ብቻ አይደለም። ስላደረቀ የሚከፍለው የለም። ሚዛን ላይ የሚወጣው ኪሎ ነው። እርጥቡም ኪሎ ነው፣ ደረቁም ኪሎ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 6 ኪሎ ያህል በነነ ማለት ነው። ያደረቀው ሰው በዚያው ዋጋ ሲሸጥ ለድካሙ ተቀጣ። ያላደረቀው ተሸለመ። እንዲህ እያለ ማን ያደርቃል?

ነጋዴውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም እርጥብ ነው ብሎ ይገምታል፣ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይጠራል። ደረቅ ያመጣውም በእርጥብ ዋጋ ይሸጣል። እኔ ራሴ ስነክሰው ቀጭ የሚለውን አውቀዋለሁ፣ ግን በጥርስ ዋጋ መለየት ጭቅጭቅ ነው። ሐሙስ ገበያ ላይ ወረፋ ቆሞ ማን ይስማማል?

ቡና ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ቡና እርጥበቱ ይለካል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ስለዚህ ሰው ቡናውን እንደ ልጁ ይጠብቀዋል። በቆሎውን እዚያው ደጅ መሬት ላይ ይበትነዋል።


ቀርሳ_ልጅ — ኅዳር 5

ጋሼ፣ በግልጽ ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። ከዚህ ሁሉ ውይይት ይበልጥ የከነከነኝ ይኼ ነው። እኛ ገበሬውን ባላዋቂነት እንወቅሳለን፣ ገበሬው ግን ሒሳቡን ከእኛ በላይ ያውቃል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አሥር አሥራ አምስት ገበሬ ተሰባስቦ፣ አንድ መለኪያ ይዞ፣ ሁሉንም 13 ያደረሰ በቆሎ በአንድ ላይ ቢያቀርብልዎ ጨምረው ይገዛሉ?


እህል_ነጋዴ (ጅማ) — ኅዳር 5

እገዛለሁ። መጋዘኔ ገብቶ የማይሞቅብኝ፣ ክረምት ድረስ የሚቆይልኝ እህል ለእኔም ትርፍ ነው። ግን እዚያው ፊቴ ይለካ። ከአሥሩ ከረጢት አንዱ እርጥብ ከተገኘ ዋጋው ይፈርሳል። መተማመን ነው ዋናው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥር ላይ ሁሉም ያወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ገበሬ ራሱ መጥቶ በውድ ይገዛኛል። ይኼን በየዓመቱ አያለሁ። አንዳንዱ በእርግጥ ዕዳ አለበት፣ የማዳበሪያ ይከፍላል፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ። ብዙው ግን ነቀዝ ሳይበላብኝ ልሽጥ ብሎ ነው። ፍርሃቱ ነው የሚያስቸኩለው።


ነርስ_ጅማ — ኅዳር 6

ይቅርታ፣ እዚህ መግባት ስላለብኝ ነው። መጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ኪኒን የሚል ቃል ሳይ ልቤ ደነገጠ።

ፎስቶክሲን የምትሉት ኪኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዝንም ሰውንም ለይቶ አያይም። ማርከሻ የለውም። ሐኪም ቤት ብትመጡም እኛ የምናደርገው ትንፋሽና ልብን ማገዝ ብቻ ነው።

ሰው ምን ያደርጋል? ኪኒኑን ማዳበሪያ ውስጥ ይጥላል፣ ከረጢቱን ከመኝታው ሥር ወይም ከልጆቹ አጠገብ ያቆማል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ማዳበሪያ ደግሞ የተሸመነ ነው፣ ጋዙን አይዝም። ጋዙ ወደ ክፍሉ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ይገድላል፣ ፍሬው ውስጥ ያለውን ትልና እንቁላል ግን በሚገባ አይገድልም። መድኃኒቱ የሚሠራው አየር በማያሳልፍ ሸራ ለቀናት ታሽጎ፣ ሰው በማይኖርበት ቦታ፣ በሠለጠነ ሰው ሲደረግ ነው። በየሱቁ እየተቆጠረ መሸጡ ያሳምመኛል።

እናቶች፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ደረት መጨነቅ ካያችሁ አትጠብቁ። ሁሉንም ከቤት አውጡና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ኪኒን እንደነበረም ንገሩን። ካልነገራችሁን አናውቅም።


አዴ_ሰርቦ — ኅዳር 6

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይኼን ለመንደሬ ሁሉ እናገራለሁ። እኛ ጋ እየተሰባበረ በቁራጭ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።


አጋሮ_ቡና — ኅዳር 6

ነጋዴው ስለ ቡና ያነሳው አሳሰበኝ። እኛ ጎማ ወረዳ ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የመረብ አልጋ ላይ ነው የምናደርቀው። አልጋው አለን፣ ሸራው አለን፣ እንዴት እንደሚገላበጥ እናውቃለን። እሸቱ ሲገባ ስስ አድርገን እንዘረጋለን፣ ቀን እናገላብጣለን፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ እንሸፍናለን። ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና) ሲነቀነቅ ሻኳ ሻኳ እስኪል። ለዚህ ማንም አይቸገርም። ታዲያ ለበቆሎው ለምን አይሆንም ብዬ አሰብኩ።

ችግሩ ጊዜው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አልጋው ሁሉ ቡና ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። ቡና ደግሞ የጎረቤቱን ሽታ ይስባል። ነገር ግን ጥር ላይ አልጋው ባዶ ነው፣ ፀሐዩም ያን ጊዜ ነው የሚጠነክረው። ያ ተማሪ ልጅ ያለው ቀጭን ጎምቢሳ በቆሎውን ከነዛላው እስከ ጥር ይይዝልናል። በነፋስ ይደርቃል። ጥር ላይ ፈልፍለን አልጋው ላይ እንጨርሰዋለን። ከዚያ ወደ ከረጢት። አዲስ ዕቃ መግዛት ሳያስፈልገን ማለት ነው።


ድህረምርት_ተማሪ — ኅዳር 6

ጎበዝ! ይኼ በጣም ጥሩ ነው። የተፈለፈለ በቆሎ አልጋ ላይ ከሥሩም ከላዩም ነፋስ ያገኛል፣ መሬት ላይ ከተሰጣው ቶሎ ይደርቃል። አፈር አይነካውም፣ ሻጋታውም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአፈር ነው የሚመጣው። የአልጋው መረብ ሰፋ ካለ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ደርብበት። ስስ አድርገህ ዘርጋው፣ ማታ ሸፍነው። ጠዋት ጤዛው ሳይጠፋ አትግለጠው።


ማና_አቮካዶ — ኅዳር 7

ሁላችሁም በቆሎ በቆሎ ትላላችሁ፣ አቮካዶስ? እኛ ጋ ከዛፉ ሥር ተነጥፎ ይበሰብሳል።


ቀርሳ_ልጅ — ኅዳር 7

እህቴ እውነትሽን ነው፣ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፣ ክፈቺና እንመጣለን። ለጊዜው አንድ ነገር ልበል። አቮካዶን አራግፎ ማውረድ ነው የሚገድለው። የወደቀ ፍሬ ዛሬ ደህና ቢመስልም ከነገ ወዲያ ውስጡ ይጠቁራል። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ከረጢት ታሥሮ፣ ከነአጭር ግንጩ ይቆረጥ። ግንጩ ሲነቀል የሚቀረው ቀዳዳ የብስባሽ በር ነው። ከዚያ ጥላ ሥር።

ወደ በቆሎው ልመለስ። እኔ ቀርሳ ካሉት የአባቴ ጎረቤቶች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ዘንድሮ በደቦ አንድ ቀጭን ጎምቢሳ እንሠራለን፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር። አሮጌው ጎተራ ተጠርጎ የአምናው ፍሬ ይቃጠላል፣ ማዳበሪያዎቹ በፈላ ውሃ ይነከራሉ። መለኪያዋን እኔ እገዛለሁ። ያደረቅነውን በአንድ ላይ ይዘን ጋሼ ነጋዴ ዘንድ እንመጣለን። ሌላ መንደር የሚሠራ ካለ እዚሁ ይጻፍ፣ የካቲት ላይ የማን ምን እንደሆነ እናወዳድር።


ዴዶ_ደጋ — ኅዳር 7

እኛም እንሠራለን። ባሕር ዛፍ ለእግሩ አለን፣ ቀርከሃ ለጎኑ ከዘመድ አመጣለሁ። ክዳኑ ላይ ነው ያመነታሁት። ሣር ላድርገው ወይስ ቆርቆሮ?


ድህረምርት_ተማሪ — ኅዳር 7

በተዘጋ ጎተራ ላይ ቢሆን ቆርቆሮ ሌሊት ያልበዋል፣ ጠብታው እህሉ ላይ ይወርዳል እልህ ነበር። ይኼኛው ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ያለህን ተጠቀም። ሣር ከሆነ አይጥ ጎጆ እንዳይሠራበት በየጊዜው እየው። በሁለቱም ግን ክዳኑ ከጎኑ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጣ ይበል፣ የእናንተ ዝናብ በነፋስ ስለሚገረፍ በጎን ነው የሚገባው። ዝናቡ በሚመጣበት በኩል ደግሞ ትንሽ ጨምርለት።